የ«ዱን» ክፋት ከብርሃኑ ውስጥ ነው፦ «ቪላኖቹ ባዶ ናቸው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

እዚህ ሐዋሳ በፊልም ወዳጆች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ «ዱን ክፍል ሁለት» (2024) የተጻፈ ነው። ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ፣ ምስሉ ያስደምማል፣ ቪላኖቹ (ክፉዎቹ ገጸ ባሕርያት) ግን ባዶ ናቸው ነው። ዝርዝሩም እንዲህ ይላል፦ ጥቁርና ነጩ የአሬና ፍልሚያ ቀለሙ በኮምፒውተር የጠፋ ተራ ትዕይንት ነው፤ ባሮኑ ከመንሳፈፍና ከማጉረምረም በቀር ሥራ የለውም፤ የባሮኑ የወንድም ልጅ ፌይድ ራውታ ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ ይሞታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ እንቅልፋም ነው፤ ጀግናው ፖል አትሬይዲስ የሚመጥነው ጠላት አላገኘም፤ ፊልሙ ይጨልማል፣ ንግግሩም አይሰማም፤ በዚያ ላይ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተሠራ ስለሆነ ሐዋሳ ላይ ካሜራ ይዞ ለሚሞክር ወጣት የሚያስተምረው ነገር የለም።

ምስሉ ያስደምማል በሚለው እንስማማለን። የማንቀበለው ምስሉንና ቪላኖቹን ለያይተው መመዘናቸውን ነው። ዳይሬክተሩ ዴኒ ቪልነቭ ክፋትን በንግግር አያስረዳም። በብርሃን፣ በቀለም፣ በልብስና በድምፅ ይሠራዋል። እነዚህን አድንቆ ቪላኑን ባዶ ማለት ቡናውን አጣጥሞ ጠጥቶ ፍሬው አልተቆላም እንደማለት ነው። ነጥቦቹን በተራ እናያቸዋለን። ፊልሙን ያላየ አንባቢ ግን ፍጻሜው እዚህ እንደሚነገር ይወቅ።

ከአሬናው እንጀምር፣ ምክንያቱም ትልቁ ስህተት ያለው እዚያ ነው። የሃርኮነኖች (የባሮኑ ቤተሰብ) ፕላኔት በሆነችው በጊዲ ፕራይም ከቤት ውጭ ያሉት ትዕይንቶች የተቀረጹት በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለሰው ዓይን በማይታይ ብርሃን ነው። የሰው ዓይን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ገደማ ያለውን ብርሃን ያያል። የካሜራ ሴንሰር ግን ከሲሊከን ስለሚሠራ እስከ 1000 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ይቀበላል። ይህ ትርፍ ብርሃን ቀለም ስለሚያበላሽ ፋብሪካው ሴንሰሩ ፊት አንድ የሚያግድ መስታወት ይገጥማል። የቀረጻው ኃላፊ ግሬግ ፍሬዘር ይህን ገለበጠው። ያ መስታወት የወጣለት ካሜራ ወስዶ ዓይን የሚያየውን ብርሃን ከለከለና ኢንፍራሬዱን ብቻ አስገባ።

ውጤቱ ቀለሙ ከጠፋ ምስል በምን ይለያል? መጀመሪያ በቆዳ። ኢንፍራሬድ ከቆዳው ገጽ ላይ ወዲያው አይመለስም፤ ጥቂት ወደ ውስጥ ዘልቆ ተበትኖ ይወጣል። ስለዚህ ነጠብጣብና የፊት መስመር ይደበዝዛል፣ ፊቱ ሰም የተቀባ ይመስላል። ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ደግሞ ኢንፍራሬድን ብዙም አይውጥም፣ ስለዚህ ጠይሙም ቀዩም ወደ አንድ ዓይነት ንጣት ይጠጋል። ቀጥሎ ልብስ ነው። ለዓይናችን ድቅድቅ ጥቁር የሆነ ጨርቅ ማቅለሚያው ኢንፍራሬድን የሚያንጸባርቅ ከሆነ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የፊልሙ ሠራተኞች ለሃርኮነኖች ያዘጋጁት ጥቁር ልብስ አንዳንዱ ካሜራው ላይ ነጥቶ ስለታያቸው ጨርቁን በካሜራው እየፈተኑ መምረጥ ነበረባቸው። ቀለሙን በኮምፒውተር ብታጠፋው ጥቁር ጨርቅ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ፊትም ከነመስመሩ ይቆያል። ለክርክሩ ይህ ብቻ በቂ ነው።

ማስረጃውን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ማየት ይቻላል። ፒያሳ አካባቢ ካሉት ሱቆች ብዙዎቹ ሌሊት የሚያይ የደኅንነት ካሜራ አላቸው። እነዚህ ካሜራዎች ሲጨልም ማጣሪያቸውን ራሳቸው ያነሱና በዙሪያቸው ባሉት የኢንፍራሬድ መብራቶች ያያሉ። የሱቁ አምፖል ጠፍቶ ካሜራው ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለወጥ ጥቁር ሹራብ የለበሰ ሰው ፊቱ ይቁምና ስክሪኑን ተመልከቱ። ሹራቡ ብዙ ጊዜ ግራጫ ወይም ነጭ ይሆናል፣ ፊቱም ይነጣል። ጥጥና ፖሊስተር አንድ ዓይነት ስለማይወጡ ሁለቱንም ሞክሩ። ካሜራ ያላገኘ ሰው ደግሞ የቴሌቪዥን ሪሞት በስልኩ የፊት ካሜራ ላይ ደግኖ ይጫነው። ከሪሞቱ ጫፍ ለዓይን የማይታይ ብልጭታ ስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ነጭ ሆኖ ይመጣል። የኋላው ካሜራ ማጣሪያው ጠንከር ስለሚል ብዙ ጊዜ አያሳየውም።

ይህ ሁሉ ለቪላኑ ምን ፈየደ? የጊዲ ፕራይም ፀሐይ ጥቁር ናት፣ ቀለም ትወስዳለች እንጂ አትሰጥም። ቤት ውስጥ በሰው ሠራሽ መብራት ሥር ሃርኮነኖች ቀለም አላቸው፤ ወደ አደባባይ ሲወጡ ከፊታቸው ላይ ደም የተመጠጠ ይመስላል። አሬናውን የሞላው ሕዝብ ፀጉር አልባና ነጭ ነው፣ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። ርችቱ እንኳን አያበራም፤ ሰማይ ላይ እንደፈሰሰ ቀለም ይንጠባጠባል። ፌይድ ራውታ አንድ ቃል ሳይናገር ያደገበትን ዓለም አይተን ጨርሰናል። ጸሐፊው «የኋላ ታሪኩ አልተነገረም» ይላሉ። የኋላ ታሪኩ ተነግሯል፣ የተነገረው ግን በብርሃን ነው። ይህን በሁለት ገጽ ንግግር ለማስረዳት ቢሞከር የሚሳካ አይመስለንም።

ከመክፈቻው ትዕይንትም አንድ ነገር እንጨምር። የሃርኮነን ወታደሮች በብርቱካናማ ብርሃን መሃል ቋጥኙን አይቧጥጡም። መሬት ለቀው ተንሳፈው ይወጣሉ። ፍሬመኖች (የበረሃዋ ፕላኔት የአራኪስ ተወላጆች) በበኩላቸው ከአሸዋ ሥር የሚኖረው ግዙፍ ትል እንዳይሰማቸው እርምጃቸውን እያዛቡ በእግራቸው ይሄዳሉ። የፕላኔቷን መሬት ማን እንደሚረግጣትና ማን ረግጧት እንደማያውቅ በዚህ ይታያል። ወራሪን ከባለ አገር የሚለይ ከዚህ የተሻለ ሥዕል በቅርብ ጊዜ ፊልሞች ውስጥ አላየንም።

ወደ ባሮኑ እንምጣ። «ከመንሳፈፍና ከማጉረምረም በቀር» የተባለው ባሮን ቭላድሚር ሃርኮነን ተዋናዩ ስቴላን ስካሽጎርድ ነው። ያንን አካል ለመልበስ ሜካፕ ወንበር ላይ ወደ ሰባት ሰዓት ይቀመጥ እንደነበር በሰፊው ተነግሯል። ባሮኑ ትንሽ የሚናገረው ታስቦበት ነው፤ ብዙ የሚያወራ ክፉ ሰው የሚያስፈራው እስኪለመድ ብቻ ነውና። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ባሮኑ የተጎዳ ሰው ነው። በመጀመሪያው ፊልም የፖል አባት ዱክ ሌቶ ጥርሱ ውስጥ በተደበቀው የመርዝ ጋዝ ሊገድለው ሞክሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቱቦ ይተነፍሳል፣ በጥቁር ፈሳሽ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፋል።

ሥራው ምን እንደሆነ ከፊልሙ እንቁጠር። አራኪስን መግዛት ያቃተውን የወንድሙን ልጅ ራባንን ገፍቶ ታናሹን ፌይድን ይሾማል። ለፌይድ የልደት በዓል ሦስት የአትሬይዲስ ምርኮኞች ወደ አሬና ሲገቡ ሁለቱ በመድኃኒት የደነዘዙ ናቸው፣ ሦስተኛው ግን ሙሉ ኃይሉ ያለው ተዋጊ ነው። ይህ የባሮኑ «ስጦታ» ነው። የገዛ ወራሹን ለሞት አጋልጦ በሕዝብ ፊት ጀግና ያደርገዋል፣ ከዚያም ዙፋን ያስመኘዋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰውን እንዲህ የሚያንቀሳቅስ ሰው ሥራ የለውም አይባልም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት አሟሟቱን ነው። በፍራንክ ኸርበርት መጽሐፍ (1965) ባሮኑን የምትገድለው የፖል እህት አሊያ ናት፣ በመርዝ መርፌ። በፊልሙ ግን ፖል ራሱ «አያቴ» ብሎ ጠርቶ አንገቱን በቢላ ይወጋዋል። ባሮኑ የእናቱ የጄሲካ አባት መሆኑን ፖል የሕይወትን ውሃ (ራእይ የሚያሳይ መርዝ) ጠጥቶ ባየው ራእይ ደርሶበታል፣ የሚተርፉትም ሃርኮነን ሆነው እንደሆነ ለእናቱ ነግሯታል። ይህ ለውጥ የፊልሙን የቪላን ጥያቄ በሙሉ ይለውጠዋል። ክፋቱ ውጭ ያለ ጠላት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከጀግናው ደም ጋር ይቀላቀላል።

ፌይድ ራውታ ይዘገያል የሚለው በቁጥር እውነት ነው። ፊልሙ 166 ደቂቃ ይረዝማል፣ እሱ የሚገባው አንድ ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። ግን ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት የራባን ውድቀት ነው፣ ያለ ራባን ፌይድ አይገባንም። ዴቭ ባውቲስታ የሚሠራው ራባን ይጮኻል፣ የራሱን ሰዎች ይቀጠቅጣል፣ ሙአድዲብ የተባለውን ጠላት (ፖልን) አቧራ መሃል ፊት ለፊት ሲያገኘው ይሸሻል። ጉልበት ብቻ ያለው ሰው ነው። ፌይድ ሲመጣ አሠራሩ ይቀየራል፦ የፍሬመኖችን መኖሪያ ሲየች ታብርን ከሩቅ በመድፍ ይደበድባል።

መድፉ ለምን እንደሠራ ማወቅ የፌይድን ብልጠት ያሳያል። በዚህ ዓለም ተዋጊዎች የሚለብሱት የኃይል ጋሻ ፈጥኖ የሚመጣን ነገር ሁሉ ያግዳል፣ ቀስ ብሎ የሚገባ ቢላ ብቻ ያልፈዋል። በዚህ ምክንያት ተኩስ ጊዜው አልፎበታል፣ ሁሉም ወደ ጩቤ ተመልሷል። በረሃ ውስጥ ግን ጋሻ የአሸዋውን ትል ስለሚያሳብድ ፍሬመኖች አይጠቀሙበትም። ስለዚህ ሌላ ቦታ የማይረባው የድሮ መድፍ እዚህ ያለ ከልካይ ይገድላል። ራባን ማሽኖቹን ይዞ የሳተውን ፌይድ ባረጀ መሣሪያ አገኘው።

የኦስቲን በትለር አሠራርም ዝርዝር ማየት ለሚወድ ብዙ ይሰጣል። ድምፁን የቀረጸው ከስካሽጎርድ ባሮን ተነሥቶ ነው። የወንድም ልጅ በአጎቱ ጉሮሮ ሲናገር ማን እንዳሳደገው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። መጀመሪያ ሲገባ የቢላውን ስለት በአገልጋዮቹ ላይ ይሞክራል። አሬናው ውስጥ ግን ያልደነዘዘው ምርኮኛ ሲያይልበት ረዳቶቹ ሊገቡ ሲሉ እጁን አንሥቶ ያስቆማቸዋል። ሁለቱም አንድ ሰው ውስጥ አሉ፦ ያለ ምክንያት የሚገድልና በፍልሚያ ግን ማጭበርበርን የሚጸየፍ። ይህ ባዶ ገጸ ባሕርይ አይደለም።

ሌዲ ማርጎት (ሊያ ሴዱ) ስትፈትነውም ያቺን የሕመም ሳጥን እናያለን። ፖል በመጀመሪያው ፊልም እጁን ያስገባባት ሳጥን ናት። ፖል ሕመሙን ታግሦ አለፈ፣ ፌይድ ሕመሙን ወደደው። ማርጎትን ጨምሮ ቤኔ ጀሰሪት የተባሉት ሴቶች ለብዙ ትውልድ ዘር ሲያዳቅሉ የኖሩት የሚፈልጉትን አንድ ሰው ለማግኘት ነው፣ ሁለቱም ወጣቶች የዚያ ዕቅድ ውጤቶች ናቸው። የመጨረሻው የጩቤ ፍልሚያ ሁለት ጠላቶች የሚገናኙበት ብቻ አይደለም፤ ከአንድ እጅ የወጡ ሁለት እጩዎች ናቸው። ፖል የሚያሸንፈውም ራሱ ተወግቶ ነው።

ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ባጭሩ። ክሪስቶፈር ዎከን ሻዳም አራተኛን ደክሞት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጫወተው፤ ጸሐፊው በትክክል አይተዋል፣ ምክንያቱን ግን አላዩም። የቤተ መንግሥቱ የአትክልት ስፍራ የተቀረጸው በሰሜን ጣሊያን አልቲቮሌ አቅራቢያ በሚገኘው የብሪዮን መካነ መቃብር ነው፣ የአርክቴክቱ የካርሎ ስካርፓ ሥራ። ንጉሡን መቃብር ውስጥ ነው ያስቀመጡት። አትሬይዲሶች እንዲጠፉ የመከረችው ደግሞ ከጥቁር መሸፈኛዋ ሥር ያለችው የቤኔ ጀሰሪት ሴትና የንጉሡ አማካሪ ሞሃያም (ሻርሎት ራምፕሊንግ) መሆኗን ፊልሙ በግልጽ ይናገራል። ጦርም ዘውድም የሌላት፣ በሁሉም ወገን ላይ የተወራረደች ሴት ናት። ከቪላኖቹ አደገኛዋን ፈልጉ ብንባል እሷን እንጠቁማለን፤ ጽሑፉ ግን ስሟን አንድ ጊዜ እንኳን አይጠራም።

«ጀግናው የሚመጥነው ጠላት አላገኘም» የተባለው የሁሉም ሥር ነው። ጸሐፊው ፊልሙን ጥሩ ሰው መጥፎዎችን የሚያሸንፍበት ታሪክ አድርገው ይዘውታል። ኸርበርት ግን ሕዝብ የሚከተላቸውን ታላላቅ መሪዎች እንድንጠነቀቅ ብሎ እንደጻፈው ደጋግሞ ተናግሯል። አንባቢዎች ፖልን እንደ ጀግና ብቻ ሲወስዱት በ1969 በወጣው ተከታይ መጽሐፉ ይህንኑ አጠነከረው። ቪልነቭ ያንን ማስጠንቀቂያ ወደዚህኛው ፊልም አምጥቶ በምስል ሠራው።

ሁለት ትዕይንቶች አከታትላችሁ ተመልከቱ። በአሬናው ነጭ ሕዝብ የፌይድ ራውታን ስም እየጠራ ይጮኻል። በደቡቡ የፍሬመኖች ጉባኤ ደግሞ ሌላ ሕዝብ ፖልን የተተነበየው አዳኝ ብሎ እየጠራ ይጮኻል። አንዱ ቀለም አልባ፣ ሌላው የአሸዋ ወርቅ። ሁለቱም ላይ አንድ ሰው ሕዝብ መሃል ቆሞ ስሙ ሲጠራ እናያለን። ፖል ከዚያ በፊት ጦርነቱ ሚሊዮኖችን እንደሚያስርብ በራእይ አይቶ ወደ ደቡብ አልሄድም ብሎ ነበር። ከሄደ በኋላ ያሸንፋል፣ ንጉሡ ቀለበቱን ይስማል፣ እሱም ተከታዮቹን ወደ ጦርነት ይለቃቸዋል። በመጽሐፉ የፖል ፍቅረኛ ቻኒ ከጎኑ ትቆያለች። በፊልሙ ግን የመጨረሻው ምስል ጥላው ሄዳ ትል ለመጥራት በረሃ ላይ የቆመችው የቻኒ (ዜንዳያ) ፊት ነው። ዳይሬክተሩ ተመልካቹ በማን ዓይን እንዲፈርድ እንደፈለገ በዚህ ይታወቃል። ፊልሙ የጎደለው ጠላት የለም፤ ሰዓቱን ሙሉ በፍቅር የተከተልነው ሰው ራሱ ጠላት ወደመሆን እየሄደ ነበር።

አሁን ተግባራዊ ወደሆነው እንግባ። «ይጨልማል፣ አይሰማም» የሚለው ቅሬታ እውነተኛ ነው፣ ተመልካቹ የሚያየው እንደዚያ ነውና። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቅጂውና ከቴሌቪዥኑ ነው። ይህ ፊልም ሁለት ኦስካር ያገኘው አንዱን በድምፅ፣ ሌላውን በቪዥዋል ኢፌክት ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ካገኛቸው ስድስቱ መካከልም ድምፅ አለበት።

ከፋይሉ መጠን ብንጀምር፣ 166 ደቂቃ ማለት 9,960 ሰከንድ ነው። ፍላሽ ላይ የሚዞረው ቅጂ 1 ጊጋባይት ከሆነ 8,000 ሜጋቢት ገደማ ይይዛል፣ ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 0.8 ሜጋቢት ነው። ብሉሬይ ለምስሉ ብቻ እስከ 40 ሜጋቢት ይሰጣል። ፋይሉ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጣለው በጨለማ ውስጥ ያለ ዝርዝርና የሚንቀሳቀስ ደቃቅ ነገር ነው፣ ማለትም የባሮኑ ክፍልና የበረሃው አቧራ። የባሮኑ ግድግዳ ላይ የደረጃ መስመር የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ አሸዋው ሲነፍስ ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ከተሰባበረ ቅጂው ነው። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነውን ፈልጉ። ምስሉ በተቃራኒው የታጠበ ልብስ መስሎ ከገረጣ ደግሞ ለኤችዲአር (ብርሃንና ጥላን ከተራው አስፍቶ ለሚያሳይ) ቴሌቪዥን የተዘጋጀ ፋይል በተራ ቴሌቪዥን እያያችሁ ነው፤ ተራውን ቅጂ ውሰዱ፣ ብርሃን በመጨመር አይስተካከልም።

ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ነው። በከተማችን ብዙው ስክሪን፣ የዲኤስቲቪ ቤቶቹ በተለይ፣ ለኳስ የተስተካከለ ነው፦ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ላይ። ይህ አረንጓዴ ሜዳ ያደምቃል፣ የአራኪስን አሸዋ ግን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ጥላውን ይውጠዋል። ወደ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ቀይሩት። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ቅንብር አጥፉ። ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚሄደው፤ ቴሌቪዥኑ መሃል ላይ የራሱን ምስል ሲጨምር የአሬናው ፍልሚያ የቀጥታ ስርጭት ይመስላል። «ሻርፕነስ» ወደ ዜሮ አውርዱ፣ ኃይል ቆጣቢውን አጥፉ፣ መስኮቱን ጋርዱ። ተራው ቅጂ ስፋቱ ለቁመቱ 2.39 እጥፍ ስለሆነ ከላይና ከታች ጥቁር ቦታ ይተርፋል። ያንን ለመሙላት ምስሉን አትለጥጡት፣ የባሮኑን ግዝፈት የሚሰጠው ልኩ ነው።

ድምፁ ደግሞ እንዲህ ነው። ንግግሩ በ5.1 (ባለ ስድስት ስፒከር) ድምፅ ውስጥ በመሃለኛው ስፒከር ይሄዳል። ሁለት ስፒከር ብቻ ካላችሁና ማጫወቻው ስድስቱን ወደ ሁለት በትክክል ካልቀነሰ ንግግሩ ይሰምጣል፣ ሙዚቃው ይጮኻል። በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማውጫ ላይ «ፒሲኤም» ወይም «ስቴሪዮ» ምረጡ። በኮምፒውተር በቪኤልሲ ከሆነ «ቱልስ» ውስጥ «ኢፌክትስ ኤንድ ፊልተርስ» ግቡና «ኮምፕረሰር» የሚለውን አብሩ፤ ዝቅተኛውን ከፍ፣ ጩኸቱን ዝቅ ያደርገዋል። ትልቅ ስፒከር ያለው አዳራሽ ከ60 እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ጥቂት ይቀንስ፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን በ2 ወይም 3 ዴሲቤል ይጨምር። ቤዙን ጨርሶ አታጥፉት። ቤኔ ጀሰሪቶች ሰውን የሚያዙበት ድምፅ ክብደቱ ያለው እዚያ ነው።

የመጨረሻው፣ «ለእኛ ወጣቶች የሚያስተምረው የለም» የሚለው፣ ከሁሉም የሚያሳስበን እሱ ነው። ምክንያቱም ከፊልሙ ትልልቅ ሐሳቦች መካከል በርካሽ የሚሞከሩ አሉ።

አንዱ የአሸዋ ቀለም መጋረጃ ነው። በመጀመሪያው ፊልም (2021) የኢፌክት ኃላፊው ፖል ላምበርትና ባልደረቦቹ በአረንጓዴ መጋረጃ ፈንታ የአሸዋ ቀለም ያለው መጋረጃ ተጠቀሙ። አረንጓዴ ጨርቅ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ተዋናዩ ጉንጭና ትከሻ ይመልሳል፣ ከበረሃ ጋር ሲቀላቀል ያ ጠርዝ ያጋልጣል። የአሸዋ ቀለም የሚመልሰው የአሸዋ ብርሃን ነው። የምስሉ ቀለም ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ደግሞ ቡናማው ወደ ሰማያዊ ስለሚሄድ ተዋናዩን ከመጋረጃው ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። እዚህ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ኋላ የሚገባውን ቦታ ይቅረጽ፣ ከዚያ ከዚያ ቦታ ዋና ቀለም ጋር የሚቀራረብ አቡጀዴ ይምረጥ፣ ተዋናዩን ከጨርቁ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያርቀው። አስቸጋሪው የቆዳችን ቀለም ከቡናማው ጨርቅ ጋር ሲቀራረብ ነው። ያኔ ቆረጣው ፊቱንም ይወስዳል፤ ጨርቁን ወደ ገረጣ ቢጫ ማቅለል ወይም ጠርዙን በእጅ ማስመር ያስፈልጋል።

ሌላው ኢንፍራሬዱ ነው። ካሜራ ሳይከፈት ለመሞከር 720 ናኖሜትር የሚል ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ይታሰራል። ካሜራው ውስጥ ያለው ከልካይ ስላልወጣ ለአንድ ፎቶ ብዙ ሰከንድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ትሪፖድ ግድ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ሰውም አይወጣም። ለቪዲዮ ካሜራው መከፈት አለበት። ይህን የሚያደርገው ካሜራ የሚጠግን ባለሙያ ይሁን፤ ፍላሽ ያለው ካሜራ ባትሪው ወጥቶም ወደ 300 ቮልት የሚጠጋ ክምችት ይዞ ይቆያል። ከልካዩ ሲወጣ በቦታው ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ንጹሕ መስታወት ይግባ፣ አለዚያ ፎከሱ ይሳታል። ኢንፍራሬድ ከሚታየው ብርሃን በተለየ ርቀት ላይ ስለሚጠራ ፎከስ በስክሪኑ ላይ እያያችሁ አስተካክሉ። ዋይት ባላንሱን በአረንጓዴ ሣር ላይ ውሰዱ። ምስሉ መሃል ላይ የሚያበራ ክብ ካያችሁ ከሌንሱ ነው፤ የሌንሱን ቀዳዳ አስፉት፣ ካልጠፋ ሌላ ሌንስ ቀይሩ።

ለዚህ ሥራ ሐዋሳ የተመቸች ናት። ቅጠል ኢንፍራሬድን በኃይል ያንጸባርቃል፣ ውሃ ደግሞ ይውጠዋል። ሐይቁ ዳር ያሉት ትልልቅ ዛፎች በጠራ ፀሐይ ነጭ ሆነው፣ ሐይቁ ጥቁር ሆኖ፣ ሰማዩም ጠቁሮ ይወጣል። ሰዓቱ እንደ ወትሮው ማለዳና አመሻሽ መሆኑ ቀርቶ ከጠዋቱ 4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጠንካራ ፀሐይ ነው። ቤት ውስጥ በኤልኢዲ አምፖል አይሠራም፣ ኢንፍራሬድ የለውም ማለት ይቻላል። የድሮው ክር ያለው አምፖል ግን ሞልቶታል። ቪላናችሁ በየትኛው ብርሃን እንደሚኖር ከንግግሩ በፊት ወስኑ፣ ከዚያ ልብሱን ሰው ሳይለብሰው ፀሐይ ላይ ሰቅላችሁ በካሜራው እዩት። ነጥቶ ከወጣ ሌላ ጨርቅ ፈልጉ።